የአወል እጅ የታመመበት ክረምት

በሰባ ሦስት ዓ.ም ክረምት ደባርቅ ላይ አንድ ሠርግ በአንድ ሰው እጅ ምክንያት ቆሞ ነበር ብዬ ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሠርጉ የአባቴ እህት፣ የአክስቴ የዙሀራ፣ እጁ ደግሞ የአወል ነበር። ሠርጉ እንዲሳካ ከማንም በላይ የለፋሁት እኔ የዘጠኝ ዓመቷ ነሲባ ነኝ፤ ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

አወል ገበያው ዳር ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ጠባብ ክፍል ተጋርቶ የሚሠራ ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊ ስል ማመልከቻ የሚጽፍ ማለቴ አይደለም፤ ያን የሚጽፍ ሌላ ሞልቶ ነበር። አወል የሚጽፈው እንዲታይ ነው። የሻይ ቤቱ ሰሌዳ፣ የወፍጮ ቤቱ በር፣ ጎንደር የሚመላለሰው የጭነት መኪና ግንባር፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ የአብዮት በዓል መፈክር፣ ሁሉም ከእሱ እጅ የወጡ ነበሩ። ለመዳር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ያኔ ልጃገረዶች ለሠርጋቸው የትራስና የጠረጴዛ ልብስ ይጠልፋሉ። ‹‹መልካም እንቅልፍ›› ወይም ‹‹እንኳን ደህና መጡ›› የሚለውን አወል በእርሳስ ይነድፍላቸዋል፣ እነሱ በክር ይከተሉታል። ጥልፉ ሲያልቅ ይታጠብና እርሳሱ ሄዶ ክሩ ይቀራል።

ፊደሎቹን ያየ ሰው ቆም ሳይል አያልፍም ነበር። አወል በልጅነቱ ቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ በመቃ ብዕር ሲጽፍ አድጓል። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ የደረስጌው መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ብራና ሲጽፉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይውል ነበር አሉ። ከመሪጌታ የፊደሉን ቁመና፣ ከቁርኣን ቤቱ የመስመሩን ልስላሴ ወሰደ። የእሱ ‹‹መ›› ጉንጮቿ የሞሉ፣ ወገቧ የቀጠነ ናት። ‹‹ለ›› አንድ እግሯን ቀደም አድርጋ ትቆማለች፤ ‹‹ረ›› አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ወፍራሙ መስመር ቀስ እያለ ይቀጥንና ብዕሩ ከወረቀቱ የቱ ጋ እንደተነሣ አይታወቅም። አባቴ ጀላል የጨርቅ ነጋዴ ስለነበር የመፈክሩ አቡጀዲ ሁሉ የሚወጣው ከሱቃችን ነው። የተጻፈበትን ሲያይ ራሱን እየነቀነቀ፣ ‹‹ይኼ ልጅ እኮ ‹ይውደም› ብሎ ሲጽፍ እንኳ ሰው ሠርግ የተጠራ ይመስለዋል›› ይል ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ‹‹ምን ያደርጋል፣ ቀለም ተበልቶ አይታደር›› ይላል።

እኔ ፊደሎቹን የማውቃቸው በዓይኔ ብቻ አልነበረም። ከአክስቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ ጠዋት ስነሣ የትራሷ ጥልፍ ጉንጬ ላይ ታትሞ ይገኛል። እንቅልፍ እስኪወስደኝ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የተማርኳቸው። ከከተማው ልጃገረዶች ሁሉ ብዙ የትራስ ልብስ ያስነደፈች አክስቴ ነበረች። አንዱን ጠልፋ ሳትጨርስ ሌላ አቡጀዲ ቆርጣ አወል ጋ ትሄዳለች። ‹‹ስንት ራስ ሊኖርሽ ነው?›› ትላታለች እናቴ። እኔም አክስቴ ጥልፍ የማይሆንላት ሰው ትመስለኝና አዝንላት ነበር።

ከትራሶቿ አንዱ ግን ልዩ ነበር፤ ቀን ቀን ከሌሎቹ ሥር ነው የሚቀመጠው። ፊደላችን መቼም ለየብቻው ነው የሚቆመው፤ የአወል የሰሌዳ ጽሕፈትም እንደዚያው። በዚያ ትራስ ላይ ግን ፊደሎቹ ተያይዘዋል። የ‹‹ል›› እግር ተዘርግቶ ‹‹ካ››ን ይይዛል፣ ‹‹ካ›› ደግሞ ወደ ‹‹ም›› ትዘረጋለች። ‹‹መልካም እንቅልፍ›› ከዳር እስከ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ የሌላ የማንም ትራስ ላይ እንዲህ ያለ አላየሁም። በራሴ ጊዜ አሰብኩና መልሱን አገኘሁት፤ ይኼ የሠርግ ጽሕፈት ነው፣ ለሙሽራ ብቻ የሚጻፍ። አክስቴ ደግሞ ሙሽራ ልትሆን ነው።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። የአወልን ፊደል ከድሮ ሰሌዳዎችና ከምስክር ወረቀቶች ላይ ለቅሜ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሙሽሮች ገና ከመግባታቸው ‹‹ያንን የሚያምረውን›› ይሉኛል። የሠርግ ካርድ ላይ፣ የማር ማሰሮ ላይ፣ የሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ፣ የጥርስ ሐኪም በር ላይ ሳይቀር አለ። ፊደሎቹ ግን ለየብቻቸው ናቸው። ፊደሉን የሠራልኝ ወጣት ‹‹ማያያዝ እኮ ይቻላል›› ብሎኝ ነበር። ተወው አልኩት፤ ያኛው የሚሸጥ አይደለም።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። አክስቴን የጠየቃት የዳባቱ የእህል ነጋዴ ጠይብ ነበር። ዒድ እንዳለፈ አጎቱ ሼህ ሰይድ ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ አባቴም ቃል ሰጠ። ሠርጉ ከአረፋ በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። አክስቴን ሲጠይቋት ዝም አለች። ‹‹ዝምታዋ እሺታ ነው›› አሉ ትልልቆቹ፤ እኔም አመንኩ። ሙሽራ ያፍራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ማታ ማታ ወደ ግድግዳው ዞራ ስትነፋረቅ ደግሞ ደባርቅን መልቀቅ ከብዷት ነው ብዬ፣ ዳባት እኮ ቅርብ ናት፣ በመኪና ወዲያው ትመጫለሽ እላታለሁ። እንደዚያ ስላት ብሶባት ያርፋል።

ያኔ ደባርቅ ላይ የአወል ካርድ ያልተበተነበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። ካርዱ በሌላ ሰው ጽሕፈት ከመጣ ሰው ‹‹ተጣልተው ነው እንዴ?›› ይላል፤ እናቶችም ስጦታ ይቀንሳሉ። ስለዚህ አባቴ አንድ ጠዋት ነጭ ክላሴር የሚባለውን ወፍራም ወረቀት በመጠን በመጠኑ አስቆርጦ፣ እኔን አስከትሎ አወል ጋ ሄደ። አወል ረዘም ያለ፣ ጣቶቹ ላይ ሁሌም ቀይ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር።

‹‹የዙሀራን የሠርግ ካርድ እንድትጽፍልኝ ነው›› አለ አባቴ። ‹‹ዳባት ስለሚሄድ አሳምረው።››

አወል ክላሴሩን ተቀበለ። አስቀመጠ። ንጹሕ የነበረውን ብሩሽ እንደገና አጠበ። ከዚያ የእኔን ጫማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ ‹‹ኢንሻአላህ›› አለ።

በማግሥቱ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ጭቃ አንሸራትቶት ወድቆ ነው ተባለ። ወሬው ከተማውን ሲዞር ከእኔ በላይ የደነገጠ አልነበረም። እናቴን አስፈቅጄ ማር ወሰድኩለት። በግራ እጁ እየላሰ ‹‹አንችስ ነሲባ፣ ሠርጉ ደስ ብሎሻል?›› ሲለኝ፣ ‹‹በጣም፤ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ነው የምቀመጠው›› አልኩት። ማሩን መላስ ተወ። ሕመሙ ተቀስቅሶበት መሰለኝ።

አባቴ መጠበቅ ሲሰለቸው ወጌሻውን ጋሽ ደምለውን ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ጋሽ ደምለው የተሰበረ ሁሉ የሚጠግኑ፣ ለሰውም ለበቅሎም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥቅልሉን ፈትተው በአውራ ጣታቸው ከእጅ አንጓው ጀምረው ወደ ላይ ጫን ጫን አደረጉ።

‹‹እዚህ ያምሃል?››

‹‹አዎ።››

‹‹እዚህስ?››

‹‹እሱም ያመኛል።››

‹‹ካርዱ መቼ ይደርሳል?›› አለ አባቴ መሐል ገብቶ። አወል ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ደምለው እጁን ትተው ፊቱን ማየት ጀመሩ። አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ጨርቁን ከበፊቱ አጥብቀው ጠቀለሉለት፤ ሸንበቆ ሰንጥቀውም ደገፉት።

‹‹ጀላል፣ ይኸ ሕመም የተነሣው ኸላይ ነው›› አሉ።

‹‹ከላይ ከየት? ከትከሻው?››

‹‹ኸላይ ነው አልሁህ። እጁ ብዕር እንዳይነካ።››

‹‹እስከ መቼ?››

‹‹አረፋ ይለፍ።››

‹‹ጋሽ ደምለው፣ ሠርጉ እኮ ከአረፋ በፊት ነው።››

‹‹እንግዲያማ ያስቸግራል›› አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአወልን ትከሻ ነበር የማየው። ሁለቱም ትከሻዎቹ እኩል ናቸው፤ ሕመሙ ወደ ውስጥ ገብቷል ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ ቀን ጋሽ ደምለውን ጠየቅኳቸው። ‹‹ካርድ ሲነሣ ያመዋል፣ ካርድ ሲረሳ ይድናል። እንዲህ ያለ ስብራት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር›› አሉኝና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ያን ጊዜ ግን ለሳቅ የሚመች አልነበረም። የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አለኸኝ መፈክሩን የሚጽፍለት ሰው አጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቃችን መጥቶ ከአባቴ ጋር ድምፁን ቀንሶ ሲያወራ እኔ ከአቡጀዲው ጥቅል ኋላ ተቀምጬ ነበር። ‹‹እጁ በእውነት ካልታመመ አሻጥር ነው›› አለ። ‹‹አሻጥር ከሆነ ደግሞ እዚህ የምንጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ጎንደር ነው የሚወሰደው።››

አባቴ ሜትሩን አስቀመጠ። ‹‹እኔ ራሴ ወጌሻ ወስጄ አሳይቼዋለሁ፤ ታሟል›› አለ።

‹‹ለበዓሉ ካልደረሰ…››

‹‹አልሰማኸኝም፣ አለኸኝ? ታሟል።››

አሻጥር የሚባል ከባድ በሽታ እንዳለ ያን ቀን ተማርኩ። የያዘው ሰው ጎንደር ሆስፒታል ይወሰዳል ማለት ነው። ማታ ለአክስቴ ‹‹አወልን አሻጥር ይዞት ከሆነ ጎንደር ወስደው ያሳክሙታል›› ብዬ ሳበሥራት የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ዛሬ ሳስበው የአወልና የአክስቴ ነገር የዚያን ጊዜ ጭራሽ ተቋጥሯል። እጁን ለመፈክሩ ቢፈታው ለካርዱም ዳነ ማለት ነው፤ ለአብዮቱ ድኖ ለሠርግ ሊታመም አይችልም። ካልፈታው ደግሞ ጎንደር አለ፤ የሚወሰድበት ቤት ደግሞ ሆስፒታል አልነበረም። አክስቴ ይኼን ሁሉ በአንድ ብርጭቆ ስብርባሪ ላይ ቆማ አሰበችው።

እኔ ደግሞ ስብርባሪውን እየለቀምኩ ሌላ አሰብኩ። አክስቴ የምታለቅሰው ሠርጉ ስለዘገየ ነው፤ ሠርጉ የዘገየው ካርዱ ስላልተጻፈ ነው። እኔ ደግሞ የአወልን ፊደል አውቀዋለሁ።

በማግሥቱ አክስቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ የተረፈውን ክላሴር አወጣሁ። በሥዕል ብሩሽ አልደፈርኩም፤ መቃ ቀርጬ በሱቁ ሰማያዊ ቀለም ጻፍኩ። ምላሴን ነክሼ፣ አልጋው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ያንን ልዩ ትራስ ፊቴ ዘርግቼ። መቼም የሠርግ ካርድ ነውና የሠርግ ጽሕፈት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ፊደሎቹን አያያዝኳቸው። ‹‹የዙሀራና የጠይብ ጋብቻ›› የሚለው ከዳር እስከ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዞ ወጣ። እውነቱን ለመናገር አምሮብኝ ነበር። ዛሬም ብዙ ካርድ አትሜአለሁ፣ በዚያ ልክ ግን የኮራሁበት የለም።

እስኪደርቅ ስጠብቅ ከሳሎን የእንግዳ ድምፅ ሰማሁ። የዳባቱ ሼህ ሰይድ ናቸው። ሠርጉ ለምን እንደዘገየ ሊጠይቁ ዝናቡን አቋርጠው መጥተዋል። እናቴ ሻይና ድፎ አቅርባለች፤ አክስቴ ከወፍጮ ቤት ተመልሳ ዱቄት እንደለበሰች ጓዳ በር ላይ ቆማለች።

‹‹እኛ ጥድፊያ የለብንም ጀላል›› ይላሉ ሼህ ሰይድ ቀስ ብለው፤ እያንዳንዷን ቃል አላምጠው ነው የሚናገሩት። ‹‹ግን ሰው ይጠይቀናል። ለአንድ ወረቀት ሁለት ቤተሰብ ቁሞ ይቅር?››

‹‹ሼህ፣ የሚጽፈው ልጅ ታሞብኝ ነው። በሌላ ሰው አጽፌ ዳባት ብልክ ንቄያችሁ አይመስልም?››

‹‹እሱስ እውነት ነው።››

ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ካርዱን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁና ለሼህ ሰይድ አቀረብኩላቸው። ‹‹እኔ እጽፈዋለሁ። ይኸው ጽፌዋለሁ›› አልኩ።

አባቴ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ሼህ ሰይድ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ተወው። ካርዱን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። ሼህ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው።

‹‹ማሻአላህ። ይኸ የአማርኛ ፊደል ነው፤ አካሄዱ ግን የቁርኣን ቤት ነው፤ አንዱ አንዱን ይዞ ነው የሚሄድ›› አሉ። ‹‹እኔ ዳባት ላይ የዚያን ልጅ ሰሌዳ አይቻለሁ። እንዲህ አይደለም የሚጽፍ። አንች ልጅ፣ ይኸን ኸየት አመጣሽው?››

‹‹ይኼ የሠርግ ጽሕፈት ነው›› አልኳቸው። ትልቅ ሰው ይኼን አለማወቁ ገርሞኛል። ‹‹ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ለሙሽራ ብቻ ነው። አወል ለአክስቴ ትራሷ ላይ ጽፎላታል። ሌላ ማንም የለውም፣ የሰፈራችን ልጆች ጥሩዬም አበባም የላቸውም፤ ሁሉንም አይቻለሁ። አክስቴ ብቻ ናት ያላት።››

ድፎው እየተቆረሰ ነበር፤ የእናቴ እጅ ቢላው ላይ ቀረ። አክስቴ ጓዳ ገባች። ማንም ለምን ‹‹ጎበዝ›› እንዳላለኝ አልገባኝም።

ሼህ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ። አባቴን አላዩትም፤ ያላዩት አውቀው ነው። ከዚያ ካርዱን በጥንቃቄ፣ የተጻፈበትን ወደ ታች አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ።

‹‹ጀላል›› አሉ ከተነሡ በኋላ፤ ‹‹ጠይብ ልጃችን ገና ነው። ደግሞም የዘንድሮ አዝመራ አላማረንም። ቃልህን መልሰንልሃል፤ በመካከላችን ምንም የለም። የዳባት ሰው ቢጠይቀኝ እኛ ተውነው እላለሁ።››

‹‹ሼህ፣ እኔ ወላሂ የማውቀው…››

‹‹አውቃለሁ፣ አታውቅም። ይችን ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳታስቀራት።›› ራሴን ዳበሱኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

አዝመራው እንዳማረ የገባኝ በኋላ ነው፤ የዚያ ዓመት ገብስ በሰው ቁመት ነበር። ያን ጊዜ ግን በጻፍኩት ካርድ ሠርጉን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን ብቻ አውቄ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ፊደል በፊደል እመረምር ነበር። አባቴ እናቴን ‹‹ትራሱን አምጪው›› አላት። አመጣችለት። መስኮቱ ጋ ወስዶ አየው፣ በአውራ ጣቱም ከ‹‹መ›› እስከ ‹‹ፍ›› ሄደበት።

‹‹ዓይኔ ሥር›› አለ። ከዚያ የትራሱን ጠርዝ ገልብጦ ተመለከተና፣ ‹‹ጨርቁ ሳይቀር የኔ›› አለ።

‹‹ልትጣላው ነው?›› አለች እናቴ።

‹‹ነሲባ፣ ተነሽ›› አለ። ካርዱንም ያዘ።

አወል በሩ ሥር ተቀምጦ ዝናብ ያያል። አባቴን ሲያይ ተነሣ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ የስፌት መኪናውን ትቶ ድንገት ቁልፍ ሊገዛ ወጣ። አባቴ ካርዱን አቀበለው።

‹‹ይኼ የልጄ ጽሕፈት ነው። እስኪ እየው።››

አወል ወረቀቱን አየ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ብዙ ስሕተት ያለበት መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ።

‹‹ልክ ነው?›› አለ አባቴ።

‹‹…የመጀመሪያዋ ‹የ› ትንሽ ወፍራለች።››

‹‹ሌላውስ?››

‹‹ሌላው ልክ ነው ጋሽ ጀላል።››

‹‹አያያዟ?››

አወል ካርዱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ከዚያ፣ ‹‹እኔ ያለኝ መቃና ብሩሽ ነው›› አለ። ‹‹እርስዎ ደግሞ ቃል ሰጥተው ነበር። ልጽፈው ሞከርኩ፤ ወላሂ ሞክሬአለሁ። የእሷን ስም ጻፍኩ፣ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ አልቻልኩም።›› ድምፁ ተሰበረ። የዚያን ጊዜ ከልቤ አዘንኩለት፤ የእጁ ሕመም መናገር እስኪያቅተው ደርሷል።

አባቴ ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ። ‹‹በዚህ ላይ አለኸኝ በየቀኑ እየመጣ ያስምለኛል›› አለ። ‹‹ፍታው ያን እጅህን።››

‹‹ጋሽ ጀላል…››

‹‹ፍታው። አቡጀዲው ሱቅ ተቀምጧል፤ መፈክሩን ዛሬውኑ ጀምርለት። ወጌሻው በጎ አድርጎኛል ትላለህ።›› አወል ሸንበቆውን አወለቀ፣ ጨርቁን ፈታ። እጁ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ጣቶቹን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ምንም አልሆነም። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አባቴ ጋሽ ደምለው ያልቻሉትን በአንድ ቁጣ አዳነው።

አባቴ ሊወጣ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠ፣ ‹‹ቅዳሜ ግን ሰው እንዳትልክብኝ። ገበያ ነው›› አለና ጃንጥላውን ዘረጋ። አወል የተፈታውን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ።

ቤት ስንደርስ አባቴ ሱቅ ገባ። አክስቴ አልጋው ላይ ተኮራምታ፣ ዱቄቱን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ስገባ ሳትዞር፣ ‹‹መታው?›› አለችኝ።

‹‹አልመታውም። አዳነው። እጁ ድኗል፣ አሁን መፈክር ሊጽፍ ነው።››

‹‹ምን አለው?››

‹‹ተቆጣው። ‹የ›ዋ ወፍራለች ተባባሉ። ከዚያ ቅዳሜ ሰው እንዳትልክብኝ አለው።››

አክስቴ ዞረች። ተነሥታ ተቀመጠች። ‹‹ቃሉን ንገሪኝ። እንዳለው አድርገሽ።››

እንደ አባቴ ድምፄን አጎርንኜ፣ ‹‹ቅዳሜ ግን ሰው እንዳትልክብኝ። ገበያ ነው›› አልኩ። አቡጀዲውን የሚወስዱ የቀበሌ ልጆች ሱቁን እንዳያጣብቡበት ብሎ ነው ብዬም አስረዳኋት። አልሰማችኝም።

‹‹ቅዳሜ ብቻ?›› አለች።

‹‹ቅዳሜ ብቻ።››

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንቀጠቀጥ ጀመር። መልሶ እንባ መጣ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ‹‹አክስቴ እንደገና እያለቀሰች ነው፤ እኔ ያልኳት አባባ ያለውን ነው፣ ቅዳሜ ሰው አትላክ ነው ያለው›› አልኳት። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ገባች። የአክስቴን እጆች ከፊቷ ላይ አንድ በአንድ አነሣቻቸው። ከሥር ያገኘነው በዱቄትና በእንባ የተቦካ፣ መቆም ያቃተው ሳቅ ነበር።

እናቴ አየቻት። ባሏን ስታውቀው ስንት ዘመኗ ነው፤ ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለጋትም። መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አነሣችና አክስቴ እቅፍ ላይ ጣለችላት።

‹‹ተነሽ›› አለቻት፤ ‹‹ነገ ዓርብ ነው፤ ሽማግሌ ቢመጣ ቤቱ አልተጠረገም።››